በይ ልበልሽ

«ለመሆኑ መማታት እዚህ አገር ጠፍቶ ነው?»

ጥያቄውን የሰማሁት ካማሺ ላይ ነው። ከከተማዪቱ ጫፍ ባለች ደልዳላ ሜዳ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ቴኳንዶ ይለማመዳሉ። አምስቱ ሴቶች ናቸው። ያላቸው ሁለት ጥንድ ጓንትና አንድ የራስ መከላከያ ብቻ በመሆኑ አንዱ ሲያወልቅ ላቡ ሳይደርቅ ሌላው ያጠልቀዋል፤ ቅልጥማቸውን በጨርቅ የጠቀለሉም አሉ። ሁለት ልጃገረዶች ተራቸው ደርሶ ፊት ለፊት ቆሙና እጅ ተነሣሡ። ይኼኔ ነው ከሜዳው ዳር ሆነው ይመለከቱ የነበሩ አንዲት እናት ወደ እኔ ዞር ብለው የጠየቁኝ። እንደ ጉሙዝ ሴቶች ልማድ በትከሻቸው ላይ ካጋደሙት ዘንግ በሁለቱም ጫፍ ሸክም ተንጠልጥሏል። ሸክሙን አላወረዱትም። ጥያቄውን ጣል አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔ ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ጥያቄው በራሱ ከባድ ነው፤ ቦታው ደግሞ ይበልጥ ያከብደዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የካማሺ ዞን ባለሥልጣናት ከአሶሳ ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገደሉ። ከአሶሳ ካማሺ ለመድረስ ወለጋን ማቋረጥ ግድ ነውና፣ የአንዱ ቤት ሐዘን በጎረቤቱ ደጅ የሚያልፍበት አገር ነው። ግድያውን ተከትሎ በመጣው ግጭት ብዙ ሰው ሞተ፤ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም የደም መፋሰሱ ነገር በቀላሉ አልበረደም። እንዲህ ባለ አገር አንድ ሰው ልጆች ሰብስቦ፣ ያውም ሴቶች ልጆችን፣ የእርግጫና የቡጢ ጥበብ ሲያስተምር ያየች እናት «ምን ጎደለንና?» ብትል አይፈረድባትም።

ነገር ግን ቃሉን እንመርምረው። አማርኛ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ከተናጋሪዎቹ ይልቅ አስተዋይ ነው። ከአንድ ሥር ሦስት ግሥ ያወጣል፦ መምታት፣ መመታት፣ መማታት። የመጀመሪያው አድራጊ ብቻ ይበቃዋል፤ ተቀባዩ ግዑዝ ቢሆንም ግድ የለውም፤ ከበሮም ይመታል፣ ኳስም ይመታል። ሁለተኛው ተቀባይ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ግን ማንም ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። «ተማታሁ» ያለ ሰው «ከማን ጋር?» መባሉ አይቀርም። በዚህ ግሥ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም መቺ፣ ሁለቱም ተመቺ ናቸው። እናቲቱ የጠሩት ይህን ሦስተኛውን ነበር። እንደ እኔ እምነት ግን በአገራችን የተትረፈረፉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። የጠፋው ሦስተኛው ነው።

* * *

ይህን ለማስረዳት ከፊልም ልጀምር። አብዛኞቻችን የእርግጫን ጥበብ መጀመሪያ የተዋወቅነው በአሠልጣኝ እጅ ሳይሆን በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠን ነውና። ከእነዚያ ፊልሞች ሁሉ አውራው፣ ብሩስ ሊ በሞተበት በ1973 (እ.ኤ.አ.) ለእይታ የበቃው «ኢንተር ዘ ድራገን» ነው። በፊልሙ ውስጥ የብሩስ ሊ እኅት ሆና የምትጫወተው አንጄላ ማኦ ናት። ብቻዋን ከብዙ ወንዶች ጋር ትፋለማለች፤ አንዱን ስትጥል ሌላው ይተካል። እርግጫዋ ንጹሕ ነው፤ ዓይኗ አይርገበገብም፤ ተመልካቹ ያጨበጭብላታል። መጨረሻ ላይ ግን ማምለጫ ስታጣ በመስተዋት ስባሪ የገዛ ሕይወቷን ታጠፋለች። ከዚያ በኋላ ፊልሙ የወንድሟ ነው። የእሷ ችሎታ ለእርሱ በቀል ማገዶ ሆኖ ተቃጠለ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረታችንን ሆንግ ኮንግ ድረስ ሄዶ የነገራቸው ሰው ያለ ይመስላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀውን «ድፍረት»ን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ይህ ፊልም በአበራሽ በቀለ እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። አበራሽ የ14 ዓመት ልጅ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለች፤ በመጨረሻም ራስን መከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። ፊልሙን ያየ ሰው የልጅቱን ዝምታ አይረሳም። ሂሩት ተብላ የተሣለችው ይህች ልጅ መጀመሪያ ተመቺ ናት፤ ቀጥሎ ገዳይ ናት። በሁለቱ መካከል ምንም የለም። ይህ የአዘጋጁ ጉድለት አይደለም፤ የሕይወቱ እውነት ነው። ለሴት ልጅ መመታትና መግደል ተሰጥተዋታል፤ በመካከላቸው ያለው ሰፊ ሜዳ ግን ተከልክሏል። የፊልሙ ትልቁ ብቃት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጥይቱ በኋላ ይጀምራል፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊን ሆና የቀረበችው ገጸ ባሕርይ ነገሩን ከጫካ አውጥታ ወደ ችሎት ስትወስደው፣ ማለትም ሁለት ወገን ተራ በተራ የሚናገርበት፣ ሁለቱም ለአንድ ሕግ የሚገዙበት ቦታ ስታደርሰው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

የመመታት ነገር ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ የሚጠራጠር አንባቢ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይመልከት። ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች ከመቶ 63 ናቸው። ወንዶቹ ከመቶ 28። ልብ እንበል፤ ከመቺው ይልቅ ተመቺዋ ናት ፈራሚዋ። አንዲት ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ መመታትን እንደ ዝናብ፣ ከላይ የሚወርድና መልስ የሌለው ነገር አድርጋ ከተማረችው፣ እንዲህ ብትመልስ ምን ይገርማል?

* * *

አሁን ወደ ሥልጠናው ሜዳ እንግባ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶች። የእኛ ክበቦች ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሙት መጠምጠሙን ነው፤ ቀበቶውን።

እኔ ራሴ ሥልጠና የጀመርኩበትን ክበብ ስም አልጠራም፤ ብዙዎቹ ስለሚመሳሰሉ መጥራቱም አይጠቅምም። ነጭ ቀበቶዬን ከፈታሁ በኋላ ሁለት ቀለም አልፌአለሁ። ፑምሴ የሚባለውን፣ በአየር ላይ ከሌለ ባላጋራ ጋር የሚደረገውን የተወሰነ ቅደም ተከተል ያለው እንቅስቃሴ፣ አሳምሬ እሠራ ነበር። ሴት በመሆኔም ሁልጊዜ የፊት ረድፍ ላይ ነኝ። የበዓል ትርኢት ሲኖር እኛ ሴቶቹ ነጭ ዶቦካችንን በአመድ ነጭ ሳሙና አጥበን፣ ተኩሰን፣ ቀድመን እንወጣለን፤ ጡብ ይሰበራል፣ እሳት ይዘለላል፣ የክብር እንግዶች ያጨበጭባሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን አንድም ቀን ከሰው ጋር ተፋልሜ አላውቅም። የፍልሚያ ተራ ሲደርስ «እናንተ ሰዓት ያዙ» እንባላለን።

ትርኢት ክፉ ነው አልልም። ፉከራና ቀረርቶ ያደገበት ሕዝብ ትርኢትን ሊንቅ አይችልም። ይሁንና ፉካሪ ሁሉ ዘማች እንዳልሆነ ያው ሕዝብ ጠንቅቆ ያውቃል። ጡብ አይሸሽም፤ አያታልልም፤ ተራው ሲደርስ ቀድሞ አይመጣም። ለፎቶግራፍ የምትመች ሴት ሠልጣኝና መፋለም የምትችል ሴት ሠልጣኝ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ክበቦቻችን የመጀመሪያዋን በብዛት አፍርተዋል።

በመጨረሻ ለምኜ፣ ተከራክሬ፣ ጓንት አጠለቅሁ። የመጀመሪያው ተጋጣሚዬ ጨዋ ልጅ ነበር፤ ዙሪያዬን ይዞራል እንጂ አይነካኝም። ስመታው «ጎበዝ» ይለኛል። እንደ እንግዳ ነበር ያስተናገደኝ። ሁለተኛው ደግሞ ቦታዬን ሊያሳውቀኝ የተነሣ ነበር፤ የጎን እርግጫው እስከ አሁን ትዝ ይለኛል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስለኝ ጎኔን ደግፌ ነበር። ከሁለቱም የተማርኩት ነገር የለም። አንደኛው መመታትን ከለከለኝ፤ ሁለተኛው መምታትን። ሁለቱም ከእኔ ጋር አልተማቱም።

ሦስተኛው ተጋጣሚዬ ቁመቱ ከእኔ ያነሰ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር። መታኝ፤ ቆመ፤ «ዓይንሽን ጨፈንሽ» አለኝ። እንደገና መታኝ። «አሁንም ጨፈንሽ።» በሦስተኛው ሳምንት እጁ ሲመጣ አየሁት። መከላከል አልቻልኩም፤ ግን አየሁት። ከዚያ መታሁትና ወዲያው «ይቅርታ» አልኩ። ፍልሚያውን አቁሞ የተናገረኝን ዛሬም አልረሳሁትም፦ «ይቅርታ የሚባለው ሳትጠነቀቂ ስትመቺ ነው። ተጠንቅቀሽ ከመታሽኝ ምስጋናው የእኔ ነው።»

* * *

ሠልጣኞች «ስፓሪንግ» የሚሉት የፍልሚያ ልምምድ ምንድን ነው? ላልገባበት ሰው ጠብ ይመስላል። ለገባበት ግን ከጠብ የሚለየው በሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ርቀት ነው። ጀማሪ ወይ በጣም ይርቃል፣ ወይ ደንግጦ ይጣበቃል። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቢገባ የሚመታበትን፣ ግማሽ እርምጃ ቢያፈገፍግ የሚድንበትን ስፍራ ለማወቅ ወራት ይፈጃል። ያ ስፍራ በመጽሐፍ አይገለጽም፤ የተጋጣሚ እግር ርዝመት በየጊዜው ይለዋውጠዋልና። ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ሰው ሲፈራ ትንፋሹን ይይዛል፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ መተንፈስን እንደ ሕፃን እንደገና መማር አለበት። ሦስተኛውና ዋነኛው መቆም ነው። በቴኳንዶ ፍልሚያ የሚጀመረው «ሺጃክ» ሲባል ነው። «ካልዮ» ሲባል ግን ሁለቱ ይላቀቃሉ፤ «ኩማን» ሲባል ያበቃል። እግር በአየር ላይ እያለ ቃሉ ከተሰማ እግር መመለስ አለበት። ይህ ቀላል የሚመስለው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ደሙ የፈላን ሰው በአንድ ቃል ማቆምን የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤት ብዙ አላውቅም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍልሚያ በአደራ የሚደረግ ነገር ነው። ተጋጣሚዬ አካሉን ይሰጠኛል፤ ነገም ሊሠራበት የሚገባ ጥርሱን፣ አፍንጫውን፣ ጉልበቱን። እኔም እንደዚያው። የሚመታኝ ሰው ጤንነቴን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። መጎዳት ካለ በደል ነው፤ ጀብዱ አይደለም።

* * *

ሴቶች ወደዚህ አደራ ለመግባት የከፈሉት ዋጋ በእኛ አገር አልተጀመረም። ጂጎሮ ካኖ ጁዶን እ.ኤ.አ. በ1882 ኮዶካንን በማቋቋም ሲመሠርት፣ ነፃ ፍልሚያውን የትምህርቱ እምብርት አድርጎታል። ለሴቶች የተለየ ክፍል የተከፈተው በ1926 ነው። ሴቶቹ ተማሩ፤ ውድድር ግን ተከለከሉ፤ በቀበቷቸውም መካከል ሴት መሆናቸውን የሚያሳውቅ ነጭ ሰበዝ ተሰፋ። የካኖ መምህር የልጅ ልጅ የሆነችው ኬይኮ ፉኩዳ ዕድሜዋን ሁሉ ለጁዶ ሰጥታ፣ 5ኛ ዳን ላይ ወደ 20 ዓመት ያህል እንድትቆም ተደረገች፤ ሴት ከዚያ አታልፍም ነበርና። በ2013 በ99 ዓመቷ ስትሞት ግን 10ኛ ዳን ላይ ደርሳ ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ ረስቲ ካኖኮጊ የምትባል ሴት በ1959 ጸጉሯን ተቆርጣ፣ ደረቷን አስራ፣ ወንድ መስላ በኒውዮርክ ግዛት የጁዶ ውድድር ገባች፤ አሸነፈችም። ሴት መሆኗ ሲታወቅ ሜዳሊያውን መልሺ ተባለች። ያቺው ሴት በ1980 የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ጁዶ ሻምፒዮና በኒውዮርክ አዘጋጀች፤ በ1992 በባርሴሎና የሴቶች ጁዶ በኦሊምፒክ ሜዳሊያ የሚያስገኝ ውድድር ሆነ። የቴኳንዶ በ2000፣ የትግል በ2004፣ የቦክስ በ2012 ተከተሉ። በየጊዜው የቀረበው መከልከያ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ሴቶች ይሥሩ፤ ግን አይጋጠሙ»። ትርኢት ይፈቀዳል፣ መማታት አይፈቀድም ማለት ነው።

በእኛም አገር ነገሩ የተለየ አይደለም። ጦርነት ሲመጣ ሴትን ከግንባር የከለከላት የለም። ከበደች ሥዩም ባሏ በጣሊያን ከተገደለ በኋላ አርበኞችን መርታለች፤ ሸዋረገድ ገድሌ ታስራ ጣሊያን አገር ተግዛ ከተመለሰች በኋላ እንደገና ተዋግታለች። ሞት ባለበት ቦታ ሴቲቱ ተፈላጊ ናት፤ ሞት በሌለበት፣ በጨዋታውና በልምምዱ ቦታ ግን «ያንቺ ቦታ አይደለም» ትባላለች። ይህ እንቆቅልሽ ነው። ከወደ ኦሞ ግን ሌላ ነገር እንሰማለን። የሱርማና የሙርሲ ወንዶች የዱላ ፍልሚያ በቱሪስት ፎቶግራፍ ዓለም ያወቀው ነው፤ የሙርሲ ልጃገረዶች ደግሞ «ኡላ» በሚባል የብረት አምባር የሚፋለሙበት የራሳቸው ሥርዓት እንዳላቸው የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ «ባህላችን አይፈቅድም» የሚል ሰው የየትኛውን ባህል እንደሚናገር ቢያብራራልን ጥሩ ነበር።

* * *

ወደ ችሎቱ ልመለስ። በቀድሞው ዘመን ሁለት ባለጉዳዮች ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ከዚያ «በላ ልበልሃ» ይጀመራል። አንዱ ተጠየቅ ይላል፤ ሌላው ይመልሳል፤ በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ይወራረዳሉ፤ በትር ይዘው ይወራጫሉ፤ ግን አይነካኩም። ዳኛው ሲያስቆም ይቆማሉ። ርቀት አለው፤ ተራ አለው፤ ማቆሚያ ቃል አለው። እኔ በቃላት የተደረገ የፍልሚያ ልምምድ እለዋለሁ። ጠብን ወደ መማታት ያሻገረ፣ በደም ፋንታ በቃል የሚተካ ትልቅ ፈጠራ ነው።

የቃሉን መጨረሻ ግን አስተውሉ፤ «ልበልሃ» ነው። «ልበልሽ» አይልም። ሴቲቱ ብዙውን ጊዜ ጉዳይዋን በወንድ አፍ ታስነግር ነበርና ለእሷ የተዘጋጀ አነጋገር አልወጣም። «በይ ልበልሽ» ብሎ የሚጋብዝ ሜዳ የትም ቢሆን፣ በችሎትም ሆነ በሥልጠና ቦታ፣ አዲስ ነገር ነው።

በእኛ በጸሐፍያኑ መንደርስ? ሒሳችን ወይ ያ ዙሪያዬን እየዞረ «ጎበዝ» ይለኝ የነበረው ልጅ ነው፣ ወይ ጎኔን የሰበረው። ደራሲን እያየ፣ ተጠንቅቆ መትቶ፣ የሚመለስለትን ደግሞ ቆሞ የሚቀበል ሐያሲ ስንት አለን? ሴት ደራሲ ስትሆን ደግሞ የመጀመሪያው ዓይነት ይበዛል፤ ተጨብጭቦላት ፊት ረድፍ ትቀመጣለች፤ ሥራዋን ግን የሚጋጠመው የለም።

* * *

እዚህ ላይ ለፍልሚያ ጥብቅና ስቆም የማልለውንም ልናገር። «በሦስት ወር ራስሽን ከደፋሪ ጠብቂ» ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው ይዋሻል። ጠመንጃ በየቤቱ ባለበት አገር እርግጫ ጥይት አይመልስም። ጠላፊውም «ሺጃክ» ብሎ አይመጣም። ለሴት ልጅ ደኅንነት ተጠያቂው ሕግና ማኅበረሰብ ነው፤ ሸክሙን በእሷ ቅልጥም ላይ መጫን ሌላ በደል ይሆናል። ደግሞም ፍልሚያን የጀማሪ መቅጫ፣ የቂም መወጫ፣ ከዚያም ሴቶችን የመነካካት ሰበብ የሚያደርጉ ቦታዎች መኖራቸውን የማያውቅ የለም። የጥርስ መከላከያ ሳይኖር የሚደረግ ፍልሚያ ድፍረት ሳይሆን ግዴለሽነት ነው። ክብደት ሳይመጣጠን፣ «በቃኝ» የማለት መብት ሳይከበር፣ ሴት አሠልጣኝ ሳይኖር የሚደረገውም እንዲሁ።

ታዲያ ምን ይሰጣል? መመታት የዓለም መጨረሻ እንዳልሆነ ያስተምራል፤ መምታትም የወንድ ርስት እንዳልሆነ። ተመትታ ቆማ የምታይ ልጅ፣ ነገ «ባልሽ ቢመታሽ ተገቢ ነው ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ የምትመልሰው ይለያል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በመማታትና በመመታት መካከል ያለውን ልዩነት በገላዋ ታውቀዋለችና። ወንዱም እንደዚሁ። ሴትን ሳይንቃትም ሳይሰብራትም ፊት ለፊቷ መቆምን የተማረ ወንድ፣ «ካልዮ» ሲባል እግሩን ከአየር ላይ የመለሰ ወንድ፣ ለካማሺም ለሌላውም አገር አስፈላጊ ሰው ነው።

ያን ዕለት ካማሺ ላይ እናቲቱ ከሄዱ በኋላ ልጆቹ ቀጠሉ። ታናሺቱ አገጯ ላይ ተመታች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን አልጨፈነችውም። አሠልጣኙ አስቆመ። መቺዋ ጠጋ ብላ አገጯን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችላት፤ የሆነ ነገር በጉሙዝኛ አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እንደገና እጅ ተነሣሥተው ጀመሩ። ተራቸው ሲያልቅ ጓንቱን አውልቀው ለሚቀጥሉት ሁለት ወንዶች ሰጡ።

እናቴ፣ ጥያቄዎን አልረሳሁትም። አዎ፣ ጠፍቷል። እነዚህ ልጆች እየፈለጉት ነው። ሁለት ጥንድ ጓንት ብቻ ነው ያላቸው።